መልስ፦ ልጄ የገናውን የሥዕል መጽሐፍ ሁለት ገጽ ሳናነብ ይነሣል

ጽሑፉን ማንበቡን ለጊዜው ይተዉትና ሥዕሉን ብቻ ያጫውቱት፤ «በጉ የት አለ? እንዴት ብሎ ይጮኻል?» እያሉ ይጠይቁት፣ ገጹንም ራሱ ይግለጠው። ለሦስት ዓመት ልጅ በአንድ ጊዜ ሁለት ገጽ በቂ ነው።

ከዚያ ያየውን በእጁ ይሥራው። እኔ እዚህ ሐዋሳ ከካርቶን ትንሽ በረት ቆርጬ ስሰጣት፣ ልጄ ቄጠማ ጎዝጉዛበት፣ በወረቀቱ በግ ላይም ጥጥ በዱቄት ሙጫ ከለጠፈች በኋላ መጽሐፉን ራሷ አምጥታ «አንብቢልኝ» ትለኝ ጀመር። ሰብአ ሰገል ካሉበት ገጽ ሲደርሱ ዕጣን በመዳፍዎ ይዘው ያሽትቱት፤ ከብዙ ማብራሪያ ይልቅ ሽታው ይቀርበዋል። ከመዝሙርም አንድ አዝማች ብቻ መርጠው እስከ ታኅሣሥ 29 ድረስ በየማታው በጭብጨባ ይደጋግሙለት።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ፤ ዶቃ አይጠቀሙ። ባለፈው ዓመት ኮከቡን በዶቃ ስናስጌጥ ለአፍታ ዘወር ብል ልጄ አንዱን አፏ ውስጥ ከትታው አገኘሁ፤ ሳትውጠው ደርሼ አወጣሁት። በሶፍት ጥቅል መሃል ባለው የካርቶን ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ነገር ሁሉ ትንሽ ልጅን ሊያንቅ ስለሚችል፣ ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት እያንዳንዱን ዕቃ በቱቦው ይፈትሹ።