ቁጠባሽን በወር ቁጠሪው

ጥያቄሽ ባጭሩ ይህ ነው፦ ሥራ ከያዝሽ አንድ ዓመት ሞልቶሻል፤ ደመወዝሽ ከወር ወር በጭንቅ ነው የሚያደርስሽ፤ ሥራውም የትም የሚያደርስ አልመሰለሽም። «10 በመቶ እየቆጠብኩ ልቆይ ወይስ ተበድሬ ሁለተኛ ዲግሪ ልጀምር?» ብለሻል።

ከዲግሪው በፊት የቁጠባውን መለኪያ እናስተካክል። አሁን ባለሽበት ደረጃ ቁጠባ ሀብታም አያደርግሽም። የሚሰጥሽ ጊዜ ነው፤ የማይሆንሽን ሥራ ለቀሽ የሚሆንሽን እስክታገኚ የምትኖሪበት ጊዜ። ስለዚህ በወር ይቆጠር። 10 በመቶ የሚቆጥብ ሰው 90 በመቶውን ያወጣል፤ የአንድ ወር ወጪውን ለማጠራቀም 9 ወር መሥራት አለበት። 20 በመቶ ከቆጠበ 4 ወር፣ 25 በመቶ ከቆጠበ 3 ወር ይበቃዋል። የሦስት ወር ስንቅ ለመያዝ የመጀመሪያው 27 ወር ሲፈጅበት ሁለተኛው በ12 ወር ይጨርሳል። ወጪ ሲቀንስ የሚተርፈው ይጨምራል፣ ለመኖር የሚያስፈልገውም ያንሳል፤ ልዩነቱ የሚሰፋው ለዚህ ነው።

ለ30 ቀን እያንዳንዱን ወጪ በዕለቱ ጻፊ። በዚያ ወር ምንም ለመቀነስ አትሞክሪ፤ እየመዘገቡ መቆጠብ እውነተኛውን ወጪ ይደብቃል። በአንድ ወር መዝገብ የማይታይም አለ፦ ሕክምና፣ ልብስ፣ የስልክ ጥገና፣ ስጦታ። የብዙ ሰው ዕቅድ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ሰውየው ራሱን ቆራጥነት የለኝም ብሎ ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን የሒሳብ ነው። የዓመቱን ገምተሽ ለ12 አካፍዪና በየወሩ ለብቻው አስቀምጪ።

ስትቀንሺ ከትልቁ ጀምሪ። ብዙውን ጊዜ ትልቁ የቤት ኪራይ ነው፤ ክፍል መጋራት አንዴ ተወስኖ በየወሩ ይቆጥባል፣ ትንንሹን ወጪ መተው ግን በየቀኑ ትግል ይጠይቃል። እንቅልፍሽን፣ በሰዓቱ የሚያደርስሽን ትራንስፖርትና የሙያ መሣሪያሽን አትንኪ። እነዚህን መቆጠብ ቆይቶ ያስከፍላል።

አሁን ወደ ዲግሪው። ከሁለት ዓመት በኋላ ልትይዥው የምትፈልጊውን የሥራ መደብ 20 የቅጥር ማስታወቂያዎች ሰብስቢ። ሁለተኛ ዲግሪን ግዴታ ያደረጉት ስንት ናቸው? የሥራ ልምድ ወይም የአንድ ሶፍትዌር ችሎታ የሚጠይቁትስ? ዲግሪው በ4ቱ ብቻ ከተጠየቀ ብድሩ ይቆይ። በ15ቱ ከተጠየቀ ደግሞ ወርሃዊ ክፍያውን ከሚጠበቀው የደመወዝ ጭማሪ ጋር አስተያዪ፤ ክፍያው ጭማሪውን የሚውጥ ከሆነ ተምረሽም ኪስሽ ያው ነው። ትምህርቱ ሥራ የሚያስፈታ ከሆነ የምታጪውን ደመወዝም ደምሪበት፤ ይህን የሚረሳው ብዙ ነው።

ደመወዝ ማነሱ ሁሉ ያንቺ ጥፋት አይደለም፤ ገበያውም አሠሪውም ድርሻ አላቸው። ያንቺ ድርሻ ጭማሪ መጠየቅ ነው። በየወሩ መጨረሻ የሠራሽውን በቁጥር ጻፊ፦ ስንት ፋይል፣ ስንት ደንበኛ፣ ስንት ቀን ቀደም ብሎ። መሥሪያ ቤቱ የቀጣዩን ዓመት በጀት ከመዝጋቱ ከሁለት ወር በፊት ይዘሽው ግቢ፤ ከተዘጋ በኋላ አለቃሽ ቢስማማም እጁ ታስሯል። ጭማሪው ሲመጣም ግማሹን ከመጀመሪያው ደመወዝ ጀምሮ በቀጥታ ወደ ቁጠባ ሒሳብሽ እንዲገባ ባንኩን እዘዢ፤ እጅሽ ላይ ሦስት ወር ከቆየ ኑሮሽ ይለምደዋል።