የጋዝ ማመንጫ በኤሌክትሪክ ጨረታ፦ በስንት እናቅርብ? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ ኢንጂነር፣ ለነገው ጨረታ የጋዝ ማመንጫችንን በስንት ብናቀርብ ያዋጣል ይላሉ?

መልስ፦ ምንም ሳትነግረኝ በስንት ልበልህ? ጋዙን በስንት ገዛችሁት? ማሽኑ አሁን እየሠራ ነው ወይስ ቆሟል? እሱን ይዘህ ተመለስ።

ጥያቄ፦ የጋዙን ዋጋ ለማሽኑ ብቃት አካፍዬ የነዳጅ ወጪውን አወጣለሁ። ልክ ነኝ?

መልስ፦ ብዙ ሰው ጉድ የሚሆነው እዚህ ጋ ነው። ጋዝ ሲቃጠል እንፋሎት ይወጣል። እንፋሎቱ ተመልሶ ውሃ ሲሆን የሚለቀውን ሙቀት የሚቆጥር መለኪያ አለ፣ የማይቆጥርም አለ። ጋዝ ሻጩ አብዛኛውን ጊዜ በትልቁ፣ ማለትም በሚቆጥረው ይሸጥልሃል፣ የተርባይኑ ፋብሪካ ደግሞ ብቃቱን በትንሹ፣ በማይቆጥረው ይጽፍልሃል። ልዩነታቸው ወደ 11 በመቶ ነው። ጋዙ በሜጋዋት ሰዓት 30 ነው እንበል፣ ገንዘቡ የፈለግኸው ይሁን። ወረቀቱ ላይ ያለውን 55 በመቶ ይዘህ ብታካፍል 54.5 ይመጣልሃል። እውነተኛው ወጪ ግን 60.5 ነው። ጨረታው በ56 ቢዘጋ፣ ማለትም ለሁሉም አሸናፊ የሚከፈለው ዋጋ 56 ቢሆን፣ አሸነፍኩ ብለህ ትጨፍራለህ፣ በ400 ሜጋዋት ግን በየሰዓቱ 1,800 እየከሰርክ ነው። እኔም ጀማሪ ሳለሁ ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዲህ አስልቼ፣ አለቃዬ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ወርውሮልኝ ነው የሄደው። ቃል አልተናገረም። መለኪያውን ጠይቁ!

ጥያቄ፦ የካርቦን ፈቃዱን፣ ማለትም ካርቦን ለመልቀቅ የሚያስፈልገንን ፈቃድ፣ በነፃ ካገኘነው ወጪ ላይ ለምን ይደመራል?

መልስ፦ ልትሸጠው ትችል ስለነበር።

ሌላ አባል፦ ይሄማ ዝርፊያ ነው! በነፃ ያገኙትን ያስከፍሉናል።

ሦስተኛ አባል፦ የአውሮፓ ኅብረት ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለኤሌክትሪክ አመንጪዎች በነፃ ማደሉን በአብዛኛው ያቆመው ለዚሁ አይደል?

ሌላ አባል፦ ታዲያ ዋጋው ወረደ?

መልስ፦ እሱን ሌላ ቦታ ተከራከሩ።

ጥያቄ፦ ከወጪ በታች ማቅረብ እብደት አይደለም?

መልስ፦ ማሽኑ እየሠራ ከሆነ አይደለም። ሌሊት ለ5 ሰዓታት ዋጋው ከወጪህ በ10 አነሰ እንበል። በዝቅተኛው ጭነት፣ በ200 ሜጋዋት ብታቆየው 10,000 ትከስራለህ። አጥፍተህ ጠዋት ማስነሻው 30,000 ከሆነስ? አቆየው። ሰዓቶቹን በአንድ ብሎክ አስሮ ማቅረብም ለዚህ ነው፤ ወይ ሁሉንም ይወስዱልሃል ወይ ምንም። ነጠላ ነጠላ ካቀረብክ መሃል ላይ ሁለቱ ሰዓታት ሳይወሰዱልህ ይቀሩና ለዚያ ብቻ ጠፍቶ መነሣትን ማሽኑ እሺ አይልህም።

ጥያቄ፦ ባትሪስ?

መልስ፦ የኔ ሙያ አይደለም።

ጥያቄ፦ ሁሉም የሚከፈለው በመዝጊያው ዋጋ ከሆነ ትንሽ ከፍ አድርገን ብንሞክርስ?

መልስ፦ መዝጊያውን የሚወስነው ሌላ ማመንጫ ከሆነ ከፍ ማለትህ ምንም አይጨምርልህም፣ ውጭ ልትቀር ግን ትችላለህ። ድርሻህ ትልቅ ከሆነ ደግሞ ተቆጣጣሪው ይመጣልሃል።

ጥያቄ፦ እሺ ኢንጂነር፣ ታዲያ ለነገ በስንት እናቅርብ?

መልስ፦ ያው አንተ ነህ? ብቃታችሁ የተጻፈው በየትኛው የሙቀት መለኪያ ነው፣ በትልቁ ወይስ በትንሹ?