ክልሉን አትናቁት፦ የመንግሥት ሥራ ለሚጀምሩ ወጣቶች

ልጆቼ፣

ሕግ፣ ኢኮኖሚክስ ወይም አስተዳደር ተምራችሁ ስትመረቁ ብዙዎቻችሁ የምትመኙት ፌዴራል መሥሪያ ቤት መግባትን ነው። ይገባኛል። ዜናው ያለው እዚያ ነው። ሚኒስትሮቹ፣ ኤምባሲዎቹ፣ ትልልቆቹ ስብሰባዎች እዚያ ናቸው። ክልል ግን ሌላ ቦታ ያጣ ሰው የሚሄድበት ይመስላችኋል። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በመንግሥት በጀትና ሕግ ሥራ ላይ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁም ሐሳባችሁን ላስቀይራችሁ ፈልጌ ነው። በፌዴራል ሥርዓት ውስጥ መንግሥት መሥራቱም አለመሥራቱም ከሁሉ በላይ የሚታየው ክልል ላይ ነው።

ስሙ እንደ አገሩ ይለያያል። አሜሪካና ሕንድ ስቴት፣ ካናዳ ፕሮቪንስ፣ ስዊዘርላንድ ካንቶን ይሉታል። እኔ ለቀላልነት ሁሉንም ክልል እላለሁ። ዓመቶቹም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እስቲ አንድ ተራ ሰው ከመንግሥት ጋር የሚገናኝባቸውን ቦታዎች አስቡ። ልጁ የሚማርበት ትምህርት ቤት አለ። ሚስቱ የምትወልድበት ሆስፒታል አለ። ሌባ ሲገባበት የሚጠራው ፖሊስ አለ። የመሬት ይዞታው የተመዘገበበት ቢሮ አለ። በአብዛኞቹ ፌዴሬሽኖች እነዚህ ሁሉ የክልል ሥራዎች ናቸው፤ ወይም ክልሉ በሥሩ ላሉ አስተዳደሮች ያወረዳቸው ናቸው። መከላከያ፣ የውጭ ጉዳይ፣ ገንዘብ ማተምና ጉምሩክ የማዕከሉ ናቸው። ከባድ ጉዳዮች ናቸው፤ ማንም አይክድም። ያ ሰው ግን ከእነዚህ መሥሪያ ቤቶች የአንዱንም ደጅ ሳይረግጥ ዓመቱን ሊያሳልፍ ይችላል።

የሕንድ ሕገ መንግሥት ይህን ክፍፍል በዝርዝር ጽፎታል። ሰባተኛው አባሪው ሦስት ዝርዝሮች አሉት፦ የኅብረቱ፣ የክልሎችና የጋራ። ፖሊስ፣ የሕዝብ ጤናና እርሻ ከክልሎቹ ዝርዝር ውስጥ ናቸው። ትምህርትም መጀመሪያ እዚያው ነበር። በ1976 በተደረገ ማሻሻያ ግን ወደ ጋራው ዝርዝር ተዛወረ። ሥልጣን አንዴ ተጽፎ ባለበት የሚቀር ነገር አይደለም። የሚከታተለው ሰው ያስፈልገዋል።

ሕገ መንግሥት ስታነቡ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ። በስም ለማንም ያልተሰጠው ቀሪ ሥልጣን የማን ነው? አሜሪካ በ1791 ባጸደቀችው አሥረኛ ማሻሻያ ለክልሎች ወይም ለሕዝቡ ትቶታል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 52 ለክልሎች ይሰጠዋል። ካናዳ ግን በ1867 ስትመሠረት ለማዕከሉ ሰጠችው። ይህን ማወቅ ጥሩ ነው፤ እዚህ ላይ ብቻ ተቸንክራችሁ ግን እንዳትቀሩ። በመሥራቾቹ ወረቀት ላይ ደካማ ይመስሉ የነበሩት የካናዳ ክልሎች ዛሬ በዓለም ካሉት ጠንካራ ክልሎች ይቆጠራሉ። ልዩነቱን ያመጣው አንቀጹ ሳይሆን ገንዘቡ፣ ባለሙያውና የመሥራት ድፍረቱ ነው።

የጀርመን አሠራር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በርሊን ያለው ፓርላማ ሕግ ያወጣል። ሕጉን ሥራ ላይ የሚያውሉት ግን በአብዛኛው የ16ቱ ክልሎች ሠራተኞች ናቸው። ለፌዴራሉ ካዝና ከሚገባው ግብር ብዙው እንኳ የሚሰበሰበው በክልል ግብር ቢሮዎች ነው። በሌላ በኩል፣ ቡንደስራት በሚባለው ምክር ቤት ውስጥ የሚቀመጡት የክልል መንግሥታት አባላት ራሳቸው ናቸው። እያንዳንዱ ክልል እንደ ሕዝቡ ብዛት ከ3 እስከ 6 ድምፅ አለው። ሕጉን የሚፈጽመው አካል ሕጉ ሲጻፍ ይሰማል ማለት ነው። እኔ ይህን አሠራር በጣም እወደዋለሁ። ፈጻሚው ሳይጠየቅ የወጣ ሕግ ብዙ ጊዜ ማን እንደሚሠራውና በምን ገንዘብ እንደሚሠራው አይናገርም።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንግባ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፤ ወጣቶች የሚሸሹት ርእስ ይህ ነው።

ክልል ሥልጣን ተሰጥቶት ገቢ ካልተሰጠው ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይሆናል። አውስትራሊያን ተመልከቱ። ፌዴሬሽኑ በ1901 ሲመሠረት ክልሎቹ የራሳቸውን የገቢ ግብር ይሰበስቡ ነበር። በ1942፣ በጦርነቱ መሐል፣ ማዕከሉ የገቢ ግብሩን ጠቀለለው። ክልሎቹ ፍርድ ቤት ሄደው ተከራከሩ፤ ተረቱ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላም ግብሩ ወደ ክልሎቹ አልተመለሰም። ሆስፒታሉ፣ ትምህርት ቤቱና ፖሊሱ ግን እነሱው ጋ ቀሩ። ከዚያ ወዲህ የአውስትራሊያ ክልሎች ለሥራቸው ከሚያወጡት ብር ትልቁን ድርሻ ከማዕከሉ ይጠብቃሉ። በሕገ መንግሥቱ ላይ ስለ ክልሎቹ ሥራ አንድ ቃል ሳይነካ ሚዛኑ ተለወጠ።

ድጎማ ደግሞ ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ክልሉ እንደፈለገ የሚያዝበት ነው። አንዳንዱ ግን ገመድ ታስሮበት ይመጣል። በ1984 የአሜሪካ ኮንግረስ አንድ ሕግ አወጣ። የመጠጥ መግዣ ዕድሜን 21 ያላደረገ ክልል ከአውራ ጎዳና ድጎማው የተወሰነው ይቀነስበታል የሚል ነው። ዕድሜውን መወሰን የክልሎቹ ጉዳይ ነበር። ደቡብ ዳኮታ ይህን ይዛ ተከራከረች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1987 ፈረደባት። በ1988 ሁሉም ክልሎች 21 አድርገውት ነበር። ሕጉ መኪና እየነዱ የሚሞቱ ወጣቶችን ለማዳን የታሰበ ነው፤ ዓላማውን እኔም እደግፋለሁ። ግን መንገዱን ልብ በሉ። ማዕከሉ በቀጥታ ሊያዝ በማይችልበት ጉዳይ በገንዘብ በኩል ገባ። የድጎማ ስምምነት ሲደርሳችሁ ከብሩ መጠን በፊት ቅድመ ሁኔታዎቹን አንብቡ።

በጋራ መወሰንም ይቻላል። ሕንድ በ2017 የዕቃና የአገልግሎት ታክስን አንድ ስታደርግ ማዕከሉና ክልሎቹ የሚቀመጡበት ምክር ቤት አቋቋመች። የማዕከሉ ድምፅ አንድ ሦስተኛ፣ የክልሎቹ በጠቅላላ ሁለት ሦስተኛ ክብደት አለው። ውሳኔ ለማለፍ ሦስት አራተኛ ድምፅ ይፈልጋል። አስሉት። ማዕከሉ ብቻውን ምንም ማሳለፍ አይችልም፤ ክልሎቹም ያለ እሱ አይችሉም። ሁለቱም ወገን ተነጋግሮ ከመስማማት ሌላ መውጫ የለውም።

ክልል ምን ማድረግ እንደሚችል ለሚጠራጠር ሰው ሁልጊዜ የምነግረው የሳስካችዋንን ታሪክ ነው። ሳስካችዋን የካናዳ ክልል ናት፤ የስንዴ አገር። በ1930ዎቹ ድርቁም የኢኮኖሚ ውድቀቱም ክፉኛ መትቷታል። በ1944 የቶሚ ዳግላስ ፓርቲ አሸንፎ መንግሥት መሠረተ፤ ዳግላስም የክልሉ መሪ ሆኑ። በ1947 ሁሉም ነዋሪ የሆስፒታል መድን እንዲኖረው አደረጉ። በአገሪቱ እንዲህ ያለ ነገር ያደረገ ሌላ ክልል አልነበረም። ማዕከሉ ይሂድና እንከተል አላሉም። ሐኪም ቤት የክልል ሥልጣን ነበርና ጀመሩት።

አሥር ዓመት ቆይቶ፣ በ1957፣ የፌዴራል መንግሥቱ እንዲህ ያለ መድን ላላቸው ክልሎች የወጪውን ግማሽ ያህል የሚጋራ ሕግ አወጣ። እዚህ ላይ የሳስካችዋን ሰዎች ያደረጉትን አስተውሉ። ከማዕከሉ በመጣው ገንዘብ የተረፋቸውን ብር ወደሚቀጥለው እርምጃ አዞሩት። ከሆስፒታሉ አልፈው የሐኪም ምርመራና ሕክምናንም በመድን ለመሸፈን ተነሡ። ሕጉ ሐምሌ 1962 ሥራ ላይ ሲውል ዳግላስ ወደ ፌዴራል ፖለቲካ ሄደው ቦታውን ዉድሮ ሎይድ ይዘውት ነበር። ሐኪሞቹ ሥራ አቆሙ። አድማው 23 ቀን ቆየ። መንግሥቱ ከብሪታንያ ሐኪሞች አስመጣ፤ ተደራደረ፤ አንዳንድ ነገር አሻሻለ፤ ዋናውን ግን አልለቀቀም። በ1966 የካናዳ ፓርላማ ይህንኑ ለመላው አገሪቱ የሚያዳርስ ሕግ አጸደቀ። በ1972 ሁሉም ጋ ደርሶ ነበር።

ካናዳውያን ዛሬ የአገራቸው መታወቂያ አድርገው የሚያዩት የጤና ሥርዓት የተጀመረው በአንዲት ሀብታም ባልሆነች ክልል ነው። ይህን ታሪክ ስታነቡ ፖለቲከኞቹን ብቻ አትዩ። መድኑን ያሰሉ፣ ቅጹን ያዘጋጁ፣ ክፍያውን የመዘገቡ ሠራተኞች ነበሩ። የክልል ሠራተኞች። የሆስፒታሉ መድን በእነዚያ ዓመታት በደንብ ባይሠራ ኖሮ የ1962ቱን ማንም አይሞክረውም ነበር።

ይህን ሁሉ ስል የክልል ሥልጣን ሁልጊዜ ለበጎ ይውላል ማለቴ አይደለም። የክልል መብት የሚለው መፈክር በአሜሪካ ደቡብ ለረጅም ዘመን የጥቁሮችን መብት ለመንፈግ አገልግሏል። በ1957 የአርካንሳስ አገረ ገዢ ኦርቫል ፎበስ ዘጠኝ ጥቁር ተማሪዎች ሊትል ሮክ ወደሚገኝ ትምህርት ቤት እንዳይገቡ ብሔራዊ ዘብ የሚባለውን የክልሉን ጦር አሰለፈ። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የፌዴራል ወታደር ልከው ልጆቹን አስገቡ። ስለዚህ አንድ ሰው ክልላችን ይከበር ሲላችሁ ደግፉት፤ ግን በክልሉ ውስጥ በቁጥር የሚያንሱት ሰዎች እንዴት እንደሚኖሩ ደግሞ ጠይቁት። መልስ ከሌለው ጉዳዩ የራስ አስተዳደር አይደለም፤ የበላይነት ነው።

ማዕከሉም ይበድላል። የሕንድ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 356 ማዕከሉ የክልል መንግሥትን አግዶ በቀጥታ እንዲያስተዳድር ይፈቅዳል። ለክፉ ቀን የተጻፈ ነበር። ለአሥርተ ዓመታት ግን የተቃዋሚ ፓርቲ መንግሥታትን ለማውረድ ሲያገለግል ቆየ። በ1994 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቦማይ በሚባለው መዝገብ እርምጃው በፍርድ ቤት እንደሚመረመር፣ የክልል መንግሥት ድጋፍ ማጣቱም በራሱ ምክር ቤት ውስጥ በድምፅ መታየት እንዳለበት ወሰነ። ከዚያ ወዲህ ሥልጣኑ በብዙ ልጓም ተይዟል። ገለልተኛ ዳኛ የሌለው ፌዴሬሽን ለእኔ ግማሽ ፌዴሬሽን ነው።

ክልል ከክልል የሚገናኝበትን ሥራም አትርሱ። ብዙ ጊዜ ወንዝ ነው የሚያገናኛቸው። በ1922 ሰባት የአሜሪካ ክልሎች የኮሎራዶን ወንዝ ውሃ ለላይኛውና ለታችኛው ተፋሰስ ተከፋፈሉ። ሲከፋፈሉ የተማመኑበት ልኬት የተወሰደው ዝናብ ከወትሮው በበዛባቸው ዓመታት ነበር። በወረቀት ላይ የተደለደለው ውሃ ወንዙ ከሚሰጠው በለጠ። የልጅ ልጆቻቸው እስከ ዛሬ በዚያ ቁጥር ይጨቃጨቃሉ። ጠበቆቹ ጥሩ ስምምነት ጽፈው ይሆናል፤ የጎደለው ረዘም ያለ የውሃ መዝገብ ነበር። የሃይድሮሎጂና የስታቲስቲክስ ተማሪዎች፣ ይህ ደብዳቤ ለሕግ ምሩቃን ብቻ እንዳይመስላችሁ። ክልሎች ከሁሉ የሚያንሳቸው እናንተን ነው።

አንዳንዶቻችሁ ክልል ብገባ አድጌ የትም አልደርስም ትላላችሁ። ደመወዙና ዝናው ሊያንስ ይችላል፤ አልሸነግላችሁም። ነገር ግን ፌዴራል መሥሪያ ቤት ጀማሪ ሠራተኛ ለዓመታት የአንድ ሰነድ አንድ ክፍል ሊይዝ ይችላል። ክልል ላይ ሰው ስለሚያንስ ገና በወጣትነታችሁ አንድ ሙሉ ሥራ ይሰጣችኋል። ከዕቅዱ እስከ ክፍያው፣ ከክፍያው እስከ ተገልጋዩ ቅሬታ ድረስ ታዩታላችሁ። ያወጣችሁት መመሪያ ያስቸገረው ሰው ሳምንት ሳይሞላ ቢሯችሁ ይመጣል። እኔ ከዚህ የበለጠ ትምህርት ቤት አላውቅም።

ከየት እንጀምር ለምትሉኝ፣ ሥራ ከመያዛችሁ በፊት የአንድ ክልል የሦስት ተከታታይ ዓመት በጀት ፈልጉ። ከራሱ ገቢ የሚያገኘውንና በድጎማ የሚያገኘውን ለዩ። ከድጎማው ውስጥ ገመድ የታሰረበትን ለብቻ አውጡ። ደመወዝ ስንቱን እንደሚወስድ፣ ለመንገድና ለግንባታ ስንት እንደሚቀር ጻፉ። ከዚያ የዋናውን ኦዲተር ሪፖርት አምጡና የታቀደው ገንዘብ ምን ያህሉ በትክክል ሥራ ላይ እንደዋለ አስተያዩ። ሁለቱ የማይገጥሙበትን መሥሪያ ቤት ስታገኙ፣ ማመልከቻችሁን መጀመሪያ እዚያ አስገቡ።