ሞክሼ ቫሪያብሎች፦ ስም ከመቀየርሽ በፊት

አንዲት ፕሮግራመር እንዲህ ስትል ጠይቃኛለች፦ «ሌላ ሰው የጀመረውን የሲ ፕሮግራም ተረክቤ የጂሲሲን (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመውን ኮምፓይለር) የሻዶ፣ ማለትም የስም መጋረድ፣ ማስጠንቀቂያ ብከፍተው 60 ገደማ መልእክት ወጣብኝ። የውስጠኛውን ቫሪያብል (ዋጋ መያዣ)፣ ‹ስታተስ› ከሆነ ‹ስታተስ2› እያልኩ፣ በአንድ ቀን ላጸዳው አስቤያለሁ። ችግር አለው?»

አለው፣ እህቴ። እስካሁን የቀየርሽው ካለ መልሺውና አንድ በአንድ እንየው።

ነገሩ የሞክሼ ጉዳይ ነው። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት አበበ ካሉ፣ ስትጣሪ «አቤት» የሚልሽ ቅርብ ያለው ነው። ሲም እንደዚያው ነው፤ በውስጠኛው ብሎክ (በቅንፍ በታጠረ የኮድ ክፍል) ከውጭው ጋር ስሙ አንድ የሆነ ቫሪያብል ዲክሌር ከተደረገ (ከታወጀ)፣ ብሎኩ እስኪዘጋ ድረስ ስሙ የውስጠኛው ነው። የውጭው አለ፣ ግን ተጋርዷል። ቋንቋው ስለሚፈቅደው ኮምፓይለሩ ስህተት አይለውም፤ «ኦል» እና «ኤክስትራ» የሚባሉትን ማስጠንቀቂያዎች ብትከፍቺ እንኳ ሻዶን ለብቻው ካልጠየቅሽ አይነግርሽም።

መልእክቱ የሚያነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ ጸሐፊው የፈለገው ያንኑ ቫሪያብል ነበር ወይስ ሌላ? ሁለት የመስመር ቁጥር ይሰጥሻል፣ የጋረደውንና የተጋረደውን። ሁለቱንም ሳትከፍቺ ምንም አትንኪ።

ስታተስን እንውሰድ። ፈንክሽኑ (አንድ ሥራ የሚሠራው የኮድ ክፍል) ሲጀምር «ኢንት ስታተስ» ብሎ አዲስ የሙሉ ቁጥር ቫሪያብል ይፈጥርና ዜሮ ይሰጠዋል። መሃል ላይ በኢፍ ብሎክ ውስጥ ፋይል ሲጽፍ፣ ጸሐፊው ከልማድ «ኢንት ስታተስ» ብሎ ይደግምና የመጻፉን ውጤት እዚያ ያስቀምጣል። መጻፉ ካልተሳካ ወደ ፈንክሽኑ መጨረሻ ዘሎ ስታተስን ይመልሳል። የሚመለሰው ግን የውጭው ዜሮ ነው። ዲስኩ ሞልቶ ምንም ሳይጻፍ ፕሮግራሙ «ተሳክቷል» ይላል። ይህንን በአንድ የመረጃ መመዝገቢያ መሣሪያ ላይ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ካርዱ ከሞላ በኋላ የሳምንታት ንባብ ሲጠፋ ማንም አላወቀም ነበር። አንቺም የውስጡን «ስታተስ2» ብትይው ማስጠንቀቂያው ይጠፋል፣ ስህተቱ ይቀራል፣ ከዚያ ወዲያ የሚጠቁምሽ የለም። መድኃኒቱ የውስጠኛዋን «ኢንት» መሰረዝ ብቻ ነው።

ይህንኑ መድኃኒት ግን ለሉፕ (ለሚደጋገም ኮድ) እንዳትሰጪ! በ«አይ» በሚቆጥር ሉፕ ውስጥ ሌላ በ«አይ» የሚቆጥር ሉፕ ካለ፣ የውስጡን ኢንት ብትሰርዢ የውጭውን ቆጣሪ ይረግጠዋል፤ ወይ ያለጊዜው ያልቃል ወይ ጭራሽ አያልቅም። እዚህ ስም መቀየር ትክክል ነው፣ ስሙም ሥራውን ይናገር፤ ሠንጠረዥ ከሆነ አንዱ ረድፍ ሌላው ዓምድ ይባል። ስትቀይሪ በውስጡ ያለው እያንዳንዱ «አይ» የትኛውን ለማለት እንደተጻፈ አጣሪ።

ግሎባልን (በፋይሉ ሁሉ የሚታወቀውን ቫሪያብል) የጋረደ ሎካል (በፈንክሽን ውስጥ ብቻ የሚታወቅ) ወይም ፓራሜትር (ፈንክሽኑ ከጠሪው የሚቀበለው) ካገኘሽ፣ ረጅሙን ስም ለግሎባሉ ስጪው። አጭር ስም ይዞ መላውን ፋይል የሚያስጨንቀው እሱ ነው።

የማክሮው (ኮዱ ከመተርጎሙ በፊት በስሙ ቦታ የሚዘረጋ ቁራጭ ጽሑፍ) ሞክሼ ከሁሉ ይከፋል፣ ምክንያቱም ሞክሼው ገጹ ላይ አይታይም። ሁለት ዋጋ የሚያቀያይር ማክሮ በውስጡ «ቴምፕ» የሚባል ቫሪያብል አለው እንበል። ጠሪው የሰጠው ቫሪያብልም ቴምፕ ከተባለ፣ ማክሮው ሲዘረጋ «ኢንት ቴምፕ = ቴምፕ» ይሆናል። በሲ አዲሱ ስም የሚታወቀው ከእኩል ምልክቱ በፊት ስለሆነ፣ ቴምፕ ዋጋውን የሚወስደው ገና ምንም ካልገባበት ከራሱ ነው። ማክሮውን ወደ ስታቲክ ኢንላይን ፈንክሽን ቀይሪው፤ ፈንክሽን ውስጥ ያለ ስም ከጠሪው ስም ጋር አይጋጭም። የሊኑክስ ከርነል ሚን እና ማክስ ማክሮዎች ከዚህ ለማምለጥ በተጠሩ ቁጥር አዲስ ስም ይፈጥራሉ።

60ውን በምን ቅደም ተከተል? ከጂሲሲ 7 ጀምሮ ማስጠንቀቂያው በሦስት ደረጃ ይከፈታል፦ «ኮምፓቲብል ሎካል»፣ «ሎካል» እና «ግሎባል»። ከመጀመሪያው ጀምሪ፤ ዓይነታቸው የሚስማማ ሞክሼዎች በስህተት የተደገሙ የመሆን ዕድላቸው ሰፊ ነው። ኮምፓይለርሽ ከ4.8 በፊት የነበረ ከሆነ ደግሞ «ኢንዴክስ» ወይም «ታይም» ያልሽውን ሎካል ከላይብረሪ ፈንክሽን ስም ጋር ተጋጨ ብሎ ያስጠነቅቅሻል፤ እሱን ለመጨረሻ አቆዪው።

ስም ብቻ የቀየርሽበትን ፋይል፣ ያለ ዲባግ መረጃ፣ ከለውጡ በፊትና በኋላ ኮምፓይል አድርገሽ ሁለቱን ኦብጀክት ፋይሎች (የኮምፓይለሩን ውጤቶች) ሲኤምፒ በሚባለው የፋይል ማወዳደሪያ ትዕዛዝ አወዳድሪ። የሎካል ስም ማሽን ኮድ ውስጥ ስለማይገባ አንድ መሆን አለባቸው፤ የግሎባል ወይም የስታቲክ ሎካል ስም ከቀየርሽ፣ አሰርት (ሁኔታን የሚፈትሽ ማክሮ) ካለበት ወይም መስመር ከጨመርሽ ግን ሊለያዩ ይችላሉ። ከዚያ ውጭ ከተለያዩ፣ ሳትቀይሪ ያለፍሽው ወይም ያለቦታው የቀየርሽው ስም አለ ማለት ነው። ኢንት የሰረዝሽበት ፋይል መለየቱ የሚጠበቅ ነውና እሱን በሥራ ላይ ፈትኚው፦ በሊኑክስ ላይ ዴቭ ፉል ወደሚባለው ፋይል እንዲጽፍ አድርጊ፣ ሁልጊዜ «ቦታ የለም» ብሎ ይመልስልሻል። የሚጽፈው በኤፍራይት (የሚጻፈውን መጀመሪያ በሚያጠራቅም የመጻፊያ ፈንክሽን) ከሆነ ስህተቱ እስከ ኤፍክሎዝ (ፋይል መዝጊያው) ድረስ ላይታይ ስለሚችል የኤፍክሎዝንም ውጤት ያዢው።