በሳይክል ስሄድ ቀሙኝ፤ ልተወው ወይ?

የአንባቢያንን የሳይክል ጥያቄ ፒያሳ አካባቢ ሳይክል የሚጠግኑት ባለሙያችን ይመልሳሉ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? የምሠራው ፒያሳ አንድ መድኃኒት ቤት ነው። ቤቴ ኡራኤል ጋ ነው። የታክሲ ሰልፍ ሲሰለቸኝ ሳይክል ገዛሁ። ከሥራ የምወጣው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነው። በቀደም አራት ኪሎ ስደርስ እናቴ ደወለችና ጥግ ይዤ ቆምኩ። አውርቼ ስጨርስ አንድ ልጅ ጠጋ ብሎ «ይቅርታ እህት፣ ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ። ስልኬን አየት ሳደርግ ሌላው ከኋላዬ ሳይክሉን ያዘው። ልሂድ ብል አላስኬድ አለኝ። ስልኬን ከእጄ መንጭቀው ሮጡ። እኔ ምንም አልሆንኩም። ግን እስካሁን ከኋላዬ ኮቴ ስሰማ ልቤ ይመታል። እናቴ «ሴት ልጅ በማታ በሳይክል ምን ትሠራለች» እያለች ልታስተወኝ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ዓይን ላይ የሚረጭ በርበሬ ያዢ ይለኛል። ምን ይሻለኛል?
የኡራኤሏ

መልስ፦ እንኳን አንቺ ተረፍሽ ልጄ። ስልክ ይገዛል።

በእናትሽ አልፈርድም፤ እናት ናቸው፣ ይፈራሉ። ግን ሳይክሉን ብትተዪው በዚያ ሰዓት የምትቆሚው ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። እዚያ ተሰልፈው ስልካቸውን የተቀሙ ደንበኞች አሉኝ። ስለዚህ ተዪው አልልሽም። «አይዞሽ ጀግና ሁኚ» ብዬም አልሸኝሽም። የሆነብሽን ነገር ረጋ ብለን እንየው።

እነዚያ ልጆች ሳይክልሽን አልፈለጉትም። ሳይክል ተሸክሞ በአራት ኪሎ መሮጥ ለሌባም አይመችም። የፈለጉት ስልክሽን ነው። ያገኙሽ ደግሞ ቆመሽ ነው። እዚህ ጎማ ሊያስለጥፉ የሚመጡ ልጆች የሚያወሩኝ ሁሉ እንዲህ ነው የሚጀምረው፦ «ቆሜ ነበር»፣ «ስልኬን እያየሁ ነበር»፣ «አንዱ ጠራኝና ዞር አልኩ»። በሙሉ ፍጥነት እየሄደ ተቀማሁ ያለኝን ሰው እስካሁን አላስታውስም።

ማስቆሚያ ዘዴው ብዙ ነው። አንዱ ሰዓት ይጠይቃል። አንዱ «ጎማሽ ተንፍሷል!» ብሎ ይጮኻል። ሌላው «ዕቃ ወደቀብሽ» ይላል። እኛ ደግሞ ይሉኝታ አለብን። «ይቅርታ» ያለንን ሰው ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ይመስለናል። በቀን እሺ፣ ቁሚ፣ አናግሪ። ከመሸ ግን ፔዳሉን ሳታቆሚ «አላውቅም ወንድሜ» ብለሽ እለፊ። ቅር ይበለው። ጎማሽ ተንፍሶ ከሆነ አንቺው ታውቂዋለሽ፤ መሪው ይከብድሻል፣ ሳይክሉ ይንገጫገጫል። ያኔም ቢሆን እዚያው እንዳትቆሚ። ጎማው ቢበላሽ ይበላሽ፣ ሰው ያለበት ድረስ ንጂው። እኔ ጋ ታመጪዋለሽ።

መቆም ግድ ሲሆን ጥበቃ ያለበትን በር ምረጪ። አዲስ አበባ መሀል ባንክ የሌለበት መንገድ የለም፤ ባንክ ካለ ደግሞ ጥበቃ አለ። የሆቴል በር፣ የቤተ ክርስቲያን በርም ጥሩ ነው። ስትቆሚ ጀርባሽን ለግድግዳው ስጪና ሳይክሉን ከፊትሽ አድርጊው። ሰው ቢጠጋሽ በመሀላችሁ ሳይክል አለ ማለት ነው። ከመቆምሽ በፊት ደግሞ ማርሽ ቀንሺ። ይሄን ማንም አይነግርሽም። በከባድ ማርሽ ከቆምሽ ለመነሳት ፔዳሉን መጋፋት ነው። በቀላል ማርሽ ግን አንዴ ስትረግጪው ወጣሽ።

ስልኩን በወገብ ቦርሳ አድርገሽ ከጃኬትሽ ሥር ያዢው። አሁን መሪ ላይ ስልክ የሚያስር መያዣ እንደ ጉድ ይሸጣል። እኔም እሸጣለሁ፤ ግን ማታ አትጠቀሚበት። ድሮ በሞተር መጥተው ስልክ ነጥቀው የሚበሩ ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. ከተማ አስተዳደሩ ያለ ፈቃድ ሞተር እንዳይነዳ ሲከለክል ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ ይሄው ቅሚያ ነበር። በሞተር ላይ ሆነው ከእግረኛ እጅ መንጠቅ ከቻሉ ከመሪ ላይ ማንሳት ምን ያቅታቸዋል? የጆሮ ማዳመጫውንም አውልቂው። የኋላሽን የምትሰሚበት ጆሮ ያስፈልግሻል። እናትሽን ደግሞ «ስደርስ እኔው እደውላለሁ፣ መንገድ ላይ አትደውይልኝ» በያቸው። እሳቸውም ተስማምተው ይጠብቁሻል።

አሁን ወደ መንገድሽ። ዕድለኛ ነሽ፣ ማታ የምትሄጂው ቁልቁል ነው። ከአራት ኪሎ በቤተ መንግሥቱ በኩል ወደ ሂልተን ሳይክሉ ራሱ ይወስድሻል። ዳገቱ የሚመጣብሽ ጠዋት ነው፤ ጠዋት ደግሞ መንገዱ በሰው ይሞላል። ቤተ መንግሥቱ አጥር ሥር ቀማኛ አይቆምም። አንቺም አትቆሚም፤ መብራቱ አማረኝና ፎቶ ላንሳ እንዳትዪ ብቻ።

እኔን የሚያሳስበኝ ከሂልተን ወደ ካዛንቺስ ታጥፈሽ እስከ ኡራኤል ያለው ነው። ድሮ እዚያ ሰፈር በየበሩ ሱቅ ነበር። ጀበና ቡና የምታፈላ ሴት ነበረች። በቆሎ የምትጠብስ ነበረች። አንዱ «ሌባ!» ቢል አሥር ሰው ይወጣል። በ2017 ዓ.ም. ብዙው ሰፈር ከፈረሰ ወዲህ መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱም ቀን አስመስሎታል። ግን ጭር የሚልበት ቦታ በዝቷል። ሰዎች መብራት ሲያዩ ልባቸው ይረጋል። የእኔ ግን የሚረጋው የተከፈተ ሱቅ ሳይ ነው። ስለዚህ በቀን አንድ ጊዜ ያንን መንገድ ቀስ ብለሽ ንጂውና ማታ ክፍት የሚሆነውን በር ሁሉ ልብ በይ። ካፌ፣ ነዳጅ ማደያ፣ ጥበቃ ያለው ሕንጻ። መንገዱ አምስት ደቂቃ ቢረዝምም ሰው ባለበት በኩል ዙሪ።

የሳይክል መስመሩንም በሚመለከት አንድ ነገር ልበል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ የተሠራው መስመር ከመኪና ለይቶናል፤ ለዚህ አመሰግናለሁ። በፊት ከሚኒባስ ጋር ስንጋፋ የነበረውን እኛ እናውቀዋለን። ግን መስመሩ ብዙ ቦታ ከእግረኛው ጎን ለጎን ነው የሚሄደው። የእግረኛ እጅ ይደርስብሻል ማለት ነው። ጭር ባለበት ቦታ ከአጥሩና ከግድግዳው ራቅ ብለሽ፣ እዚያው መስመሩ ውስጥ ወደ አስፋልቱ ጠርዝ ጠጋ በይ። አስፋልቱ ላይ ግን አትውጪ። ማታ ባዶ መንገድ ያገኘ ሚኒባስ ከቀማኛ የባሰ ነው። ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት ይኑርሽ። መብራት ካለሽ ቀማኛው ያየኛል ብለሽ እንዳታጠፊው፤ እንዲህ የሚሉ ልጆች አሉ፣ ይገርሙኛል።

የሚረጨውን በርበሬ እርሺው። ለመርጨት አንድ እጅሽን ከመሪው ማንሳት አለብሽ፤ ያ እጅ ፍሬን የሚይዘው ነው። ነፋሱ ከፊት ከመጣ ደግሞ የምታለቅሺው አንቺ ነሽ።

አይበለውና ዳግመኛ ቢይዙሽ ስጪ። ስልኩን ስጪ፣ ቦርሳውን ስጪ፣ ሳይክሉን ካሉም ስጪ። ሳይክል ሻጭ ሆኜ ነው ይሄን የምልሽ። ማን ኪሱ ውስጥ ጩቤ እንዳለ አይታወቅም። ጩኸቱ ከራቁሽ በኋላ ይሁን። ስትጮሂም ሰው ተሰብስቦ ልጁን ልግደል ካለ «ፖሊስ ጥሩ» በይ። ደቦ ፍርድ አልወድም። አንድ ቀን እዚሁ በሬ ላይ ሲደበድቡት የነበረው ልጅ የሰረቀው እሱ አልነበረም።

ፖሊስ ጋ ሄደሻል? ካልሄድሽ አሁንም ሂጂ። ቃልሽን ስትሰጪ «ስልኬ ተወሰደ» ብቻ ብለሽ አትመለሺ። አንደኛው ከኋላ ሳይክሉን ይዞ አላስኬድሽ እንዳለ፣ ሌላው እንደመነጨቀሽ በዝርዝር ተናገሪ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ኃይል ተጠቅሞ መውሰድ ውንብድና ነው። አንቀጽ 670 ከ1 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት ያስቀጣል ይላል። ተራ ስርቆት እንደዚያ አይደለም። ስለዚህ ያ «ያዘኝ» የምትዪው ነገር ትንሽ አይምሰልሽ። በድንገት ሲሆን የፖሊስ ስልክ 991 ነው። ሲሙን በ994 አዘጊ፤ ቴሌብርሽንና የባንክ መተግበሪያሽንም በየራሳቸው አዘጊ፤ ከስልኩ ይልቅ እዚያ ውስጥ ያለው ነው የሚያሳስበው። አዲሱን ስልክ ስትገዢ *#06# ብለሽ የሚመጣውን ባለ 15 አኃዝ የስልኩን መለያ ቁጥር ቤት ወረቀት ላይ ጻፊው። ስልኩ ላይ ጽፈሽ እንዳታስቀምጪው፤ የሚያደርጉት አሉ።

የልብሽ መምታት ይቀንሳል። ለጊዜው ከሥራ ከሚወጣ ሰው ጋር ተጣምረሽ ሂጂ። በእናንተ አካባቢ ወደ ካዛንቺስ የሚወርድ ሳይክለኛ አይጠፋም።

ጥያቄ፦ ለ15 ዓመት ልጄ ሳይክል ልገዛለት ፈልጌ አንድ ጎረምሳ በ5 ሺህ ብር ልስጥዎት አለኝ። ሳይክሉ አዲስ ነው ማለት ይቻላል። ደረሰኝ የለውም፤ «የወንድሜ ነው» ይላል። ልግዛው?
የልጆች አባት፣ ከአራዳ

መልስ፦ አይግዙት። አዲስ የሚመስል ሳይክል በዚያ ዋጋ የሚሸጥ ሰው ሳይክሉ አላስለፋውም ማለት ነው። የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የገዛ ሰው በመሸሸግ ወንጀል ይጠየቃል፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 682 ላይ አለ። «አላወቅሁም» ለማለት ደግሞ ዋጋው ራሱ ይመሰክርብዎታል።

ያገለገለ መግዛት ክፉ አይደለም፣ እኔም እሸጣለሁ። ሳይክሉን ይገልብጡትና ፔዳሎቹ የሚገናኙበትን ቦታ ከሥር ይዩት። ብዙ ሳይክል ላይ ቁጥሩ የሚመታው እዚያ ነው። ቁጥሩ ተፍቆ ወይም ቀለም ተቀብቶበት ካዩ «ደህና ዋሉ» ብለው ይሂዱ። ደህና ከሆነ ደግሞ ቁጥሩን የያዘ የሽያጭ ወረቀት አጽፈው የሻጩን መታወቂያ ኮፒ ያያይዙ። የምር የወንድሙ ከሆነ ወንድሙን ይዞ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ጋሽዬ፣ ምግብ በሳይክል አደርሳለሁ። ሜክሲኮና ለገሃር አካባቢ ነኝ። ፎቅ ወጥቼ እስክመለስ ሳይክሌ እንዳይሄድ እሰጋለሁ። የገመድ ቁልፍ አለኝ። ይበቃል?
ዴሊቨሪው

መልስ፦ አይበቃም ወንድሜ። የገመድ ቁልፍ በደህና ፒንሳ ይበጠሳል። ዩ ቅርጽ ያለው የብረት ቁልፍ ግዛ፤ ውድ ነው፣ ግን ከሳይክል ይረክሳል። ዋናውን ብረትና የኋላውን ጎማ አንድ ላይ አድርገህ ከማይነቀል ነገር ጋር እሰረው። የፊት ጎማ ብቻ ያሰረ ልጅ ሲመለስ ያገኘው የፊት ጎማውን ብቻ ነው። መብራቱንና ፓምፑን ይዘህ ውጣ።

ጥበቃዎቹን ደግሞ ተዋወቃቸው። «በኃላፊነት አንረከብም» ይሉሃል፤ ልክ ናቸው፣ አትከራከራቸው። ሰላም በላቸው፣ አንዳንዴ ሻይ ጋብዝ፣ እነሱ ከሚያዩት ቦታ እሰር። ስምህን ካወቁ ሌላ ሰው ሲነካው «የማነው?» ማለታቸው አይቀርም። ያንን ገመድህን ደግሞ ፒያሳ ስታልፍ ይዘህልኝ ና፤ ፒንሳ ምን እንደሚያደርገው በዓይንህ ታያለህ።