ዘመዷ ስለጠፋባት ወፍ፦ ለሥነ ሕይወት ተማሪዎች

ውድ ልጆቼ፣

በመምህርነት ባሳለፍኳቸው ዓመታት፣ እንስሳትን መመደብ የሚጀምር ሁሉ በመልክ የሚመሳሰሉትን ለማዛመድ ሲቸኩል አይቻለሁና፣ ዛሬ ስለ ሆዋዚን ልጽፍላችሁ ወደድሁ። ይህች ወፍ በአማዞንና በኦሪኖኮ ተፋሰሶች፣ ውኃ ላይ ባዘነበሉ ዛፎች ትኖራለች።

ከእንስሳት ስፍን፣ ከኮርዳታ ክፍለ ስፍን፣ ከአዕዋፍ መደብ መሆኗ አያከራክርም፤ ክርክሩ ከመደብ ቀጥሎ ባለው እርከን፣ ክፍለ መደብ ላይ ሲደረስ ይነሣል። በ1776 እ.ኤ.አ. ሳይንሳዊ ስም ያወጣላት ስታቲየስ ሙለር ከፌዛንት ወገን ስለቆጠራት፣ ከዶሮ፣ ከቆቅና ከጅግራ ጎራ ገባች። ከእርሱ በኋላ የመጡት አንዳንዶቹ ከኩኩ፣ ሌሎቹ በእኛም ደኖች ከሚኖሩት ቱራኮዎች ጋር አዛመዷት።

ጫጩቷን ተመልከቱ። ጭልፊት ሲመጣባት ከጎጆዋ ወደ ውኃው ትወድቃለች፤ ዋኝታ ግንዱ ሥር ትደርስና በእያንዳንዱ ክንፏ ላይ ባሉት ሁለት ጥፍሮች ቅርንጫፉን እየቧጠጠች ወደ ላይ ትመለሳለች። ስታድግ ጥፍሮቹ ይጠፋሉ። እኔም በወጣትነቴ ይህን ይዤ፣ የክንፍ ጥፍር የነበረው የጥንቱ ወፍ፣ የአርኪዮፕቴሪክስ ቅሪት ናት ብዬ አስተምሬአለሁ፤ ዛሬም ይቆጨኛል፤ የቱራኮ ጫጩቶችም የክንፍ ጥፍር አላቸውና። ቅጠል በልታ፣ እንደ ላም ጨጓራ በባክቴሪያ የምታብላላበት የጉሮሮዋ ከረጢትም የኑሮዋን ዘዴ እንጂ ዘሯን አይነግረንም። ይህ ከረጢት ትልቅ በመሆኑ ለበረራ ጡንቻ የሚተርፈው ቦታ ጥቂት ነው፤ ስለዚህም በደንብ አትበርም።

ዲኤንኤ ሲመረመርም ነገሩ በአንዴ አልተቋጨም። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው ሰፊ የጂኖም (የመላው ዲኤንኤ) ጥናት ክሬን ወደሚባሉት ባለ ረጅም እግር ወፎች አስጠጋት፤ በ2015 የወጣው ሌላ ጥናት ግን ከ60 ሚሊዮን ዓመታት በላይ ብቻውን የተጓዘ የዘር ሐረግ አደረጋት። የራሷ ክፍለ መደብና ከዚያ በታች ኦፒስቶኮሚዴ የተባለ የራሷ አስተኔ (ቤተሰብ) ተሰጥቷታል፤ በዚህ አስተኔ ውስጥ ዛሬ በሕይወት ያለችው እርሷ ብቻ ናት።

እንዲህ ያለ ቦታ ሲገጥማችሁ፣ ባዶውን በግምት ዘመድ አትሙሉት፤ ክፍት አድርጋችሁ ተዉት። እውነተኛው ዘመድ ኋላ ሊገኝ ይችላልና፤ ለምሳሌ በናሚቢያ ተገኝቶ መጀመሪያ ለሌላ አስተኔ የተሰጠ ቅሪተ አካል ነበር፤ አጥንቱ ዳግመኛ ሲመረመር ግን የሆዋዚን ዘመድ መሆኑ በ2011 እ.ኤ.አ. ታወቀ። ለካ ዛሬ በደቡብ አሜሪካ ብቻ የምናውቃት ወፍ፣ በአፍሪካም ወገን ነበራት።