ውጭ አገር ሲሠሩ የአገር ቤቱ መዋጮ ምን ይሆናል?

ጥያቄ፦ የምሠራበት ድርጅት በሌላ አገር ባለው ቅርንጫፍ ለ3 ዓመት እንድሠራ መድቦኛል። በአገሬ ላለፉት 11 ዓመታት የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ ሳላቋርጥ ስከፍል ቆይቻለሁ። የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍላችንን ስጠይቅ «እዚያም መቆረጡ አይቀርም፤ እዚህም መክፈልህን ብትቀጥል ለጡረታህ ይበጅሃል» አሉኝ። ለአንድ ደመወዝ በሁለት አገር መዋጮ የመክፈል ግዴታ አለብኝ? ካቋረጥሁስ የ11 ዓመቱ ክፍያዬ መና ይቀራል?

መልስ፦ የተሰጠዎት ምላሽ ግዴታንና ፈቃድን ያደባለቀ ስለሆነ በቅድሚያ ሁለቱን እንለያቸው።

ግዴታውን በተመለከተ መነሻው ደንብ ቀላል ነው። ሠራተኛ መዋጮ የሚከፍለው ሥራውን በሚሠራበት አገር ሕግ መሠረት ሲሆን ዜግነቱም ሆነ ደመወዙ የሚገባበት ባንክ ይህን አይለውጠውም። ለዚህ ደንብ የተደረገው ዋነኛ ልዩ ሁኔታ ግን በትክክል የእርስዎን ዓይነት ሠራተኛ የሚመለከት ነው፤ ከአሠሪው ጋር ያለው የሥራ ውል ሳይቋረጥ ለተወሰነ ጊዜ ወደ ሌላ አገር የተላከ ሠራተኛ፣ በሁለቱ አገሮች መካከል የማኅበራዊ ዋስትና ስምምነት ካለ፣ በላኪው አገር ሥርዓት ውስጥ እንደታቀፈ ይቆያል፤ በተቀባዩ አገርም ከመዋጮ ነጻ ይሆናል። የጊዜ ገደቡ ከስምምነት ስምምነት ይለያያል። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 883/2004 መሠረት የተልእኮው ጊዜ ከ24 ወር እንደማይበልጥ የታሰበ መሆን አለበት፣ የተላከውም ሰው ጊዜውን የጨረሰ ሌላ ተልእኮኛ ለመተካት የሄደ መሆን የለበትም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1978 ከጣሊያን ጋር ከጀመረችው ስምምነት ወዲህ ከተለያዩ አገሮች ጋር ባደረገቻቸው በአብዛኞቹ ውሎች ደግሞ ገደቡ 5 ዓመት ነው። ስለዚህ የእርስዎ 3 ዓመት በአንዱ ሲለካ ከገደቡ ውስጥ ይገባል፤ በሌላው ሲለካ በ12 ወር ያልፋል። ቢያልፍም በሩ ጨርሶ አይዘጋም፤ በአውሮፓው ደንብ የሁለቱ አገሮች ባለሥልጣናት ለሠራተኛው ጥቅም ሲሉ ጊዜውን በስምምነት ሊያራዝሙት ይችላሉ፤ ይሁንና ይህ የሚሆነው ሲጠየቅ ነው።

ከመዋጮ ነጻ የሚያደርግዎ ስምምነቱ መኖሩ ብቻ ሳይሆን አንድ ወረቀት ነው። በአውሮፓ «ኤ ዋን» ይሉታል፣ በአሜሪካ ስምምነቶች ደግሞ የሽፋን ምስክር ወረቀት ይባላል። ብዙውን ጊዜ የሚያመለክተው አሠሪው ነው፤ የሚሰጠውም መዋጮዎን የሚሰበስበው የአገርዎ ተቋም ነው። ከመነሣትዎ በፊት ቅጂውን በእጅዎ ይያዙ፤ ሲያዩትም የስምዎ አጻጻፍ ከፓስፖርትዎ ጋር አንድ መሆኑን፣ በተቀባዩ አገር የተጻፈው የሥራ ቦታ ትክክል መሆኑን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚያበቃበትን ቀን ልብ ብለው ይመልከቱ። የሥራ ውሉ ሲራዘም የምስክር ወረቀቱን ማራዘም የሚዘነጋ አሠሪ ጥቂት አይደለም፤ ቀኑ ባለፈ ማግሥት የተቀባዩ አገር ተቋም መዋጮውን የመጠየቅ መብት ይኖረዋል። በውጭ አገር የመጀመሪያ የደመወዝ ወረቀትዎ ላይ የዚያ አገር የማኅበራዊ ዋስትና ተቀናሽ ተጽፎ ካገኙ ምስክር ወረቀቱ ወይ ደመወዝ ክፍል አልደረሰም ወይ አልወጣም ማለት ስለሆነ በዚያው ወር ይጠይቁ።

በሁለቱ አገሮች መካከል ስምምነት ከሌለ በሁለቱም መክፈል ሊመጣ ይችላል። ብዙ ሰዎች በዚህ ጊዜ «ድርብ ግብርን የማስቀረት ውል አለ እኮ» ይላሉ። ያ ውል የገቢ ግብርን እንጂ መዋጮን አይመለከትም፤ በመዋጮ ጽሕፈት ቤት መስኮት ላይ ይዞት የሚቀርብ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል።

አሁን ወደ ፈቃዱ እንምጣ። ከአገር ቤቱ ሥርዓት ከወጡ በኋላ በውዴታ መክፈልን አንዳንድ አገሮች ይፈቅዳሉ፤ ሌሎች አይፈቅዱም፤ ፊሊፒንስ ደግሞ ውጭ አገር የሚሠሩ ዜጎቿን አባልነት እ.ኤ.አ. በ2019 በጸናው ሕግ ግዴታ አድርጋዋለች። በሁሉም ዘንድ ግን ሁለት ነገሮችን ይጠብቁ። አንደኛ፣ በውዴታ መክፈልዎ ከተቀባዩ አገር ግዴታ ነጻ አያወጣዎትም። ሁለተኛ፣ አሠሪው የለበትምና የእሱን ድርሻ ጭምር የሚሸፍኑት ብዙውን ጊዜ እርስዎ ነዎት፤ በፊሊፒንስም ውጭ አገር የሚሠሩት መርከበኛ ያልሆኑ ዜጎች በአብዛኛው አሠሪ እንደሌላቸውና በራሳቸው ሥራ እንደሚተዳደሩ ተቆጥረው ሁለቱንም ድርሻ ይከፍላሉ።

እንግዲህ ያን ያህል መክፈል ይገባል ወይ? የ11 ዓመቱ ክፍያ መና መቅረቱ አሳስቦዎት ከሆነ መጀመሪያ የአገርዎን ዝቅተኛ የአገልግሎት ዘመን ይመልከቱ። ለማነጻጸር ያህል ጀርመን 5 ዓመት፣ ብሪታንያ 10 ዓመት፣ አሜሪካ 40 ነጥብ ማለትም ቢያንስ የ10 ዓመት ሥራ ይጠይቃሉ። ዝቅተኛውን ካለፉ የጡረታ መብትዎ አይጠፋም፤ የሚቀንሰው የአበሉ መጠን ነው። ጥቂት ዓመት ብቻ ከጎደለዎ ግን የውዴታ ክፍያ ከዚህ የተሻለ ጥቅም የሚሰጥበት ጊዜ የለም።

እኔ ከጡረታው ይልቅ የሚያሳስበኝ የአካል ጉዳት አበል ነው፤ ጠያቂዎች ግን እምብዛም አያነሡትም። ይህ አበል የቅርብ ጊዜ መዋጮ ይፈልጋል። በጀርመን ባለፉት 5 ዓመታት ውስጥ የ3 ዓመት የግዴታ መዋጮ ያስፈልጋል፤ በአሜሪካ ዕድሜው ከ31 ላለፈ ሠራተኛ በአብዛኛው ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ የ5 ዓመት ሥራ ይጠየቃል። 11 ዓመት የከፈለ ሰው ጥቂት ዓመታት ካቋረጠ በኋላ ቢታመም የጡረታ መብቱ እንዳለ ሆኖ ይህኛው ሽፋን ሊያመልጠው ይችላል። ስለዚህ ተቋሙን ሲጠይቁ «በውዴታ የምከፍለው ለአካል ጉዳት አበልም ይቆጠርልኛል?» ብለው ለይተው ይጠይቁ፤ ከላይ እንዳዩት የግዴታውን ብቻ የሚቆጥር ሕግ አለና።

በተቀባዩ አገር የሚከፍሉ ከሆነም፣ ስምምነት እስካለ ድረስ፣ የሁለቱ አገሮች ዘመን ተደምሮ መብቱ መሟላቱ ይታያል። ገንዘቡ ከአገር ወደ አገር አይዛወርም፤ የሚላላከው የዓመታቱ ማስረጃ ብቻ ነው። በአውሮፓው ስሌት 14ቱም ዓመት በአንድ አገር እንደተሠራ ተቆጥሮ አበሉ ይሰላና የአገርዎ ተቋም ከዚያ ላይ 14 እጅ ተደርጎ ሲከፈል 11ዱን፣ ሌላው 3ቱን ይከፍላሉ።

ጥያቄ፦ ውጭ አገር 4 ዓመት ሠርቼ ተመልሻለሁ። የከፈልሁትን መዋጮ ተመላሽ እንዲደረግልኝ መጠየቅ እንደምችል ሰማሁ። ልውሰደው?

መልስ፦ ስምምነት ካለ አይውሰዱት። ተመላሽ በሚፈቅዱ አገሮችም ቢሆን የሚመለሰው ብዙውን ጊዜ ከደመወዝዎ የተቆረጠው እንጂ አሠሪዎ የጨመረው አይደለም፤ በጀርመን ለምሳሌ ከግዴታው ሽፋን ከወጡ በኋላ 24 ወር ይጠብቃሉ፣ ገንዘቡን ሲቀበሉም ያ የአገልግሎት ዘመን ጨርሶ ይሰረዛል። 4 ዓመቱ ከአገርዎ ዓመታት ጋር ሊደመር የሚችል ከነበረ እጥፍ ኪሳራ ነው። ስምምነት ከሌለና ዝቅተኛውን ዘመን የማሟላት ተስፋ ከሌለዎት ግን ገንዘቡን ተቋሙ ዘንድ የሚተዉበት ምክንያት አይታየኝም።

ጥያቄ፦ የምኖረው ውጭ አገር ነው፤ የምሠራው ግን በኢንተርኔት ለአገሬ ድርጅት ነው። መዋጮዬ የየትኛው አገር ነው?

መልስ፦ በመሠረቱ ተቀምጠው የሚሠሩበት አገር ነው፤ ኮምፒውተሩ ከየትም ጋር ቢገናኝ የሥራ ቦታው ወንበርዎ ያለበት ነው። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2023 ጀምሮ በተወሰኑ የአውሮፓ አገሮች መካከል የጸና ስምምነት፣ በሚኖሩበት አገር ከቤት የሚሠሩት ከጠቅላላው የሥራ ጊዜ ከ50 በመቶ በታች ከሆነ በአሠሪው አገር ሥርዓት እንዲቆዩ ይፈቅዳል። እርስዎ ግን ሙሉ ጊዜዎን ከቤት የሚሠሩ ስለሆነ ይህ አይሸፍንዎትም፤ አሠሪዎ በሚኖሩበት አገር በአሠሪነት ተመዝግቦ መዋጮውን መክፈል ይኖርበታል።